የማይቸኩለው ሸክላ ማጫወቻ

ክሊዮፈስ ታንስታል ሙዚቃ የሚሰማው ጫማውን አውልቆ ነበር። ጫማ ያደረገ እግር ወለል መምታት ያምረዋል፣ ወለል የሚመታ ሰው ደግሞ የሚሰማው ዘፈኑን ሳይሆን የገዛ እግሩን ነው ባይ ነው። ስለዚህ በሜምፊስ ከተማ፣ ኦሬንጅ ማውንድ በሚባለው ሰፈር፣ እሱ ቤት ሸክላ ለመስማት የሄደ ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ይሁን ቁማርተኛ፣ በረንዳው ላይ ጫማውን ይፈታ ነበር። ካልሲው የተቀደደበት ወዮለት።

ቀን ቀን ላውንደሪ ቤት ሱሪ ሲተኩስ ይውላል። እቤቱ ሲገባ የእንፋሎቱን ላብ ይታጠብና ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ሊቅ ይሆናል። ብሉዙ በመስኮቱ በኩል፣ ጃዙ ከሶፋው ጀርባ፣ ሮኩ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሳህኖቹ በላይ ተደርድሯል። "ሮክ ማለት ብሉዝ አዲስ ሱሪ ሲገዛ ነው፤ እኔ ደግሞ ሱሪ አውቃለሁ" ይላል።

ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ጎረቤት የገዛው ማጫወቻ ግን አንድ አመል ነበረው፤ ይንቀራፈፋል። ሸክላውን ከተቀዳበት ፍጥነት ቀነስ አድርጎ ያዞረዋል። ዘፈን ሲንቀራፈፍ ደግሞ ድምፁም አብሮ ይወፍራል፤ ሴቷ ወንድ፣ ወንዱ በሬ ይሆናል። ክሊዮፈስ ይህን አያውቅም ነበር። ራዲዮ ያንኑ ዘፈን ፈጠን አድርጎ ሲያሰማው "ለሳሙና ማስታወቂያ ቦታ እንዲለቅ ያጣድፉታል" ይላል። መጠጥ ቤት ያለው ሳንቲም የሚጎርስ የሙዚቃ ሣጥን ሲያፈጥነው ደግሞ "ቶሎ ጨርሶ ሌላ ሳንቲም ሊጎርስ ነዋ!" መልስ አያጣም። ከዚህ ሁሉ አንድ ትልቅ ትምህርት አውጥቶ ነበር። "የድሮዎቹ አይቸኩሉም" ይለናል፣ እኛም ባዶ እግራችንን ተቀምጠን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሰው በወደደው ይቆርባል።

እውነቱን ለመናገር ግን እንደ እሱ የሚሰማ ሰው አላየሁም። ጥሩንባ ነፊው ከመንፋቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ፣ ፒያኖ መቺው የተቀመጠባት ወንበር ሲጢጥ የምትልበትን ቦታ፣ ጊታሩ ተሳስቶ ስህተቱን አሳምሮ የሚያልፍባትን ቅጽበት እሱ ነው ያሳየን። መርፌው ከመድረሱ በፊት እጁን ያነሳል። "አሁን... አሁን... ያውላችሁ!" ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያ ፍቅር ውሸት አልነበረም።

ከሸክላዎቹ ሁሉ የሚበልጥበት ስም የለሽ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጦ ስለጠፋ ማን እንደዘፈነው አይታወቅም። ክሊዮፈስ ራሱ "ሐዘንተኛው" ብሎ ስም አወጣለት። በእሱ አባባል ዘፋኙ ሚስቱ የሞተችበት፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ትልቅ ሰው ነው። ከጭረቱ መሐል አንድ ወፍራም ድምፅ ያዘግማል፦ "ኑሮዬን ወሰዱት፣ ቤቱ ባዶ ቀረ።" ክሊዮፈስ ሎቪን ያገባት በዚህ ዘፈን ነው ማለት ይቻላል። ልብስ ለማስጠበብ ብሎ ተዋወቃት፣ እቤቱ ወስዶ ሐዘንተኛውን አጫወተላት፣ ሳይቸኩል ወገቧን ይዞ አወዛወዛት፣ አለቀ። በየዓመቱ የጋብቻቸው ዕለት በዚያው ዘፈን ይጨፍራሉ።

ሎቪ ከሚሲሲፒ ገጠር የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ ዓሣ እየጠበሰች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የምታስጨፍር ሴት ነበረች። ሎቪ ነገረኛ አይደለችም፤ በአንድ ነገር ብቻ አትቻልም። ማጫወቻውን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አንድ ጊዜ ክሊዮፈስ ድምፁን ያጥራልኝ ብሎ ጠጋኝ ቢያመጣ፣ መጥበሻ እንደያዘች ከማድ ቤት ወጥታ "የኔ ወንድም፣ መፍቻህን ወደ ኪስህ መልሳት፤ ይሄ ዘይት ትኩስ ነው" አለችው። ሰውዬው ቆቡን እንኳ ሳይወስድ ሄደ።

የጋብቻቸው ሠላሳኛ ዓመት ሲደርስ ድግሱ በፀጉር አስተካካዩ በሄርሼል ግቢ እንዲሆን ተወሰነ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሄርሼልም ደስ ያለው መስሎ ነበር። የደስታው ምክንያት ሌላ ነው። ከክሊዮፈስ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ወዳጅም ባላንጣም ናቸው፤ ቺካጎ ያለች የሄርሼል ልጅ ደግሞ አዲስ ሸክላ ማጫወቻ ልካለታለች።

"ቅንጣት አያዛባም" አለ ሄርሼል ምላጩን እየሳለ። "የአንተ ማጫወቻ ሙዚየም ይግባ።"

"አንተ ማጫወቻ እንጂ ጆሮ መች ተላከልህ!"

"እስቲ ሐዘንተኛህን አምጣውና በሰው ማጫወቻ እንስማው።"

ክሊዮፈስ በድግሱ ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሥራ እንደወጣ፣ ሸክላውን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ይዞት ሄደ። ጫማውን አወለቀ። ሄርሼል ማንንም እያስተካከለ አልነበረም፤ መርፌውን ራሱ አስቀመጠ።

ጭረቱ ተንጫጫ። ከዚያ ፒያኖው ቂጡን እሳት እንደነካው ዘሎ ተነሳ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ደግሞ እየተፍለቀለቀች ገባች፦

"ዶሮዬን ወሰዱት፣ ቆጡ ባዶ ቀረ!"

ክሊዮፈስ ላብ አጠመቀው። ሄርሼል መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ሲገባው ግን ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ወድቆ ሆዱን ያዘ።

"ክሊዮ! ሐዘንተኛህ ቀሚስ ለብሶ መጣ!"

"ማሽንህ ይከንፋል።"

"ማሽኔ? ና ስማ!" ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ሌሎች ሸክላዎች አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ ሁሉም ልክ ራዲዮ እንደሚያሰማቸው ሆኑ። ክሊዮፈስ ባዶ እግሩን ቆሞ አዳመጠ። ሳሙና አይደለም፤ ሳንቲምም አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰፈሩን ሰብስቦ ያስለቀሰው በአንዲት በተሰረቀች ዶሮ ነው።

እሱን ያሳፈረው ይኸ ነበር፤ ያስፈራው ግን ሌላ ነው። ሎቪ ያገባችው ያንን ሐዘንተኛ እውነት ብላ ነው። ነገ በሰው ሁሉ ፊት ዶሮዋ ከቆጡ ስትወርድ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቃቀፉበት ነገር ቀልድ ሊሆን ነው።

"ሄርሼል፣ በሞቴ ነገ ይሄን አታጫውት።"

"ጆሮህ ድንጋይ ነው ስትል የኖርከው ማንን ነው?"

"ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ስትል።"

ሄርሼል ትንሽ አሰበ። ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ። "እንቁልልጭ!" አለው።

ክሊዮፈስ ሸክላውን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሊሰብረው ፈለገ፣ እጁ እምቢ አለው። እንዲያው ይጥፋ ብሎ ምድጃው ሆድ ውስጥ ሸሸገው፤ በዚያ ሙቀት ሎቪ ውጭ እንጂ ቤት ውስጥ አትጋግርም። ሰዎች ግን ዕቅድ ሲያወጡ ሚስቶቻቸውን አይጠይቁም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ክሊዮፈስ ፂሙን እየተላጨ ሳለ ክብሪት ሲጫር ሰማ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"የኮክ ኬክ ጋግሬ ልወስድ ነዋ።"

ግማሽ ፊቱ ላይ አረፋ እንደቀባ ደርሶ የምድጃውን በር በረገደውና ሸክላውን ለብ ሳይል በእጁ ጎትቶ አወጣው። ሎቪ ክብሪቷን እፍ ብላ አጠፋች። ሸክላውን አየች፣ አረፋውን አየች።

"ሐዘንተኛውን ልትጋግረው ነበር?"

"አይ... እርጥበት ነክቶት... እንዲደርቅ ብዬ።"

"በዚህ ሐሩር?"

ክሊዮፈስ አንገቱን ደፋ። ሎቪ ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ሸክላውን በፎጣዋ ጠረገችና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "እኔ እይዘዋለሁ" አለች።

ድግሱ ሞቀ። ዓሣው ተጠበሰ፣ ከጎኑ ፓስታው፣ ጎመኑ፣ በላዩ የሚያቃጥል ድልህ። ሰው ዶሚኖውን ጠረጴዛ ላይ ያጮኸዋል። ክሊዮፈስ ብቻ አንድም አልቀመሰም፤ ዓይኑ ከሎቪ ቦርሳ አይነቀልም። በመጨረሻ ሄርሼል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወንድሞችና እህቶች፣ ሐዘንተኛውን በጠራ ድምፅ የምንሰማበት ሰዓት ደረሰ። ሚስ ሎቪ፣ እስቲ ወዲህ ያቀብሉኝ።"

ሎቪ አቀበለችው። ክሊዮፈስ ዓይኑን ጨፈነ።

"ዶሮዬን ወሰዱት፣ ቆጡ ባዶ ቀረ!"

መጀመሪያ አንዱ አስነጠሰ መሰለ፤ ሳቁን አፍኖ ነው። ከዚያ ዶሚኖው፣ ዓሣው፣ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ፈረሰ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ክንዷን እንደ ክንፍ እያራገበች ጠረጴዛውን ዞረችው። "ወንድም ክሊዮፈስ፣ ጫማ እናውልቅ ወይ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ክሊዮፈስ የሚገባበት ቀዳዳ አጣ። ሊያያት የፈራው አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ተነስታ ወደ ማጫወቻው ትሄዳለች። ልታጠፋው ነው አልን።

ሎቪ አላጠፋችውም። አውራ ጣቷን ከሚዞረው ሳህን ጠርዝ ላይ በቀስታ አሳረፈች። ፒያኖው ሩጫውን ተወ፣ ሴቲቱ ደረቷ ሰፋ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ዶሮዋም ኑሮ ሆነች። ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ።

"ሄርሼል" አለች ሎቪ፣ "ና፣ ጣትህን እዚህ አሳርፍ። ትንሽ ጠበቅ... እንዲያ አይደለም፣ ለስለስ... እ! እስኪያልቅ እንዳታነሳ።"

"ሚስ ሎቪ፣ አዲስ ማሽን እኮ ነው!"

"ያዝ ብያለሁ።"

ሄርሼል ያዘ። ሎቪ ጫማዋን አወለቀች፣ ክሊዮፈስን ከመሐል አስነሳችው፣ እጁን ወስዳ ወገቧ ላይ አደረገችው። እሱ እንደ እንጨት ደርቆ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ ጆሮዋ ሥር ጠየቃት።

"ታውቂ ነበር?"

"አክስቴ ቤት በዚህ ዘፈን ስጨፍር ነው ያደግሁት። ሙሉ ቃሉን እነግርሃለሁ፤ ዶሮዋን የወሰዳት ቄሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ሰው ሁሉ ሳቀብኝ!"

"ብነግርህ ታስጠግነዋለሃ!" አለችና ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። "አክስቴ ቤት የመጣ ወንድ ሁሉ በዚህ ዘፈን ሲዘልብኝ፣ እግሬን ሲረግጠኝ ነው የኖረው። አንተ መጀመሪያ ቀን ቀስ ብለህ ያዝከኝ። ይሄን ሰውዬ ማንም አያፈጥንብኝም አልኩ።"

ክሊዮፈስ ዘፈኑ ውስጥ ወንበሯ ሲጢጥ የምትልበት ቦታ ስትደርስ እንደ ልማዱ እጁን ሊያነሳ ብሎ፣ የያዘውን መልቀቅ ስላልፈለገ ተወው።

"ኧረ ጣቴ ጋለ!" ሲል ሄርሼል ጮኸ።

"ዝም ብለህ ያዝ!" አለችው ሎቪ ትከሻው ላይ እንደተደገፈች። "ዶሮዋ ገና አልተገኘችም።"