የእትዬ ውድነሽ አልፋልፋ

ሰሞኑን ላም ለምናረባ የጉለሌ ሴቶች የመኖ ሣር አተካከል የምታስተምር ወጣት ባለሙያ መጥታ ነበር። ከጆንያ አንድ እቅፍ አልፋልፋ ስታወጣ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ከቀጨኔ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ላም የሌለው ቤት አልነበረም። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የእርሻ አስተማሪ ጭቃውን እየረገጠ መጥቶ የአልፋልፋ ዘር አደለን። «ወተት ይጨምራል። ግን እርጥቡን እንዳትሰጡ፤ ሆድ ይነፋል። አጭዳችሁ አጠውልጉት» አለ። ሁላችንም እሺ አልን።

መስከረም ሲጠባ ከሁሉ ያማረው የእትዬ ውድነሽ ሣር ነበር። ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ሸክላ ያቃጠሉበትን አመድ እየበተኑ ነው ያሳመሩት። ሰው ግን ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው እያለ ከቤታቸው አይቀምስም። እኔ የባቄላ ንፍሯቸውን እየበላሁ አድጌ ይኸው አርጅቻለሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ (ያኔ አንቱ እለው ነበር፣ አሁን አልለውም) የራሱ ማሳ አላበቅል ሲለው እሳቸውን ለመነ። «ውሰድ፣ ብቻ ፀሐይ ይምታው» አሉት። ጤዛው እየተንጠባጠበ ተሸክሞ ወደ በረቱ ሲገባ አየሁት። ረፋዱ ላይ ላሚቱ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሞተች።

«ዓይኗ ነው! በላቻት!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ዱላ ይዞ እትዬ ውድነሽ ደጅ ተሰበሰበ።

«እርጥቡን አብልተዋት ነው! ይማሉ እስቲ፣ ጋሽ ተሰማ!» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? የንፍሮዋን ውለታ ልትከፍዪ ነው?»

ሰው ሳቀ። እናቴ በነጠላዬ ጎትታ ስታስወጣኝ እትዬ ውድነሽ ቀስ ብለው «ተይ ልጄ፣ እነሱም ያውቁታል» አሉኝ።

በሳምንቱ ቤታቸውን ዘግተው ሄዱ። የት እንደገቡ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሣሩ ግን አልሄደም። በጋ ገብቶ ሜዳው ሁሉ ሲነጣ የእሳቸው ጓሮ ብቻ ለምለም ነበር፤ አንድ ሰው ማጭድ አላሳረፈበትም። የከሱ ላሞች አንገታቸውን በአጥሩ አሾልከው ሲጮኹ ባለቤቶቻቸው በድንጋይ ይመልሷቸዋል። ያ ጩኸት አሁንም፣ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ፣ ይመጣብኛል።

ባለሙያዋ ትምህርቷን ጨርሳ «ጥያቄ ያለው?» አለች። ተነሣሁ።

«ላም የሞተች እንደሆነ በማን ልናላክክ ነው? ላሞቹ በሕይወት ሳሉ፣ ዛሬ እንነጋገርበት።»

«እማማ ደግሞ!» ብለው ሳቁ።

መልስ እስኪሰጡኝ አልተቀመጥኩም።