ከቀኝ የጀመርኩት መስመር

መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ በእንጨት ነው የምናበስለው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የድስቱን ቂጥ በአመድ ልፈትግ ተቀምጬ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ያ ሽታ ብድግ አለ። የረጠበ ጥቀርሻ ሽታ። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ ብል ቃል ያጥረኛል፤ ትንሽ የጭስ፣ ትንሽ የዝናብ፣ ትንሽ የብረት ነገር አለበት። እጄ ድስቱ ላይ ቀረ።

ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ምንም አልነበረም እንዳልል ነበረ። ልጄ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ሰኞ መሄድ አለባት፤ እኔ ግን ገና ሂጂ አላልኳትም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ሰው የሚያወራውን እሰማለሁ፤ ሰምቼ አልተኛም። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እናያለን» ነው ያልኳት። ድስቱን ይዤ በተቀመጥኩበት ያ ሽታ ከፍኖተ ሰላም አንስቶ ወንበርማ፣ ከሽንዲ በታች ካለችው መንደራችን ወስዶ ጣለኝ።

በዚያ መንደር ጥቀርሻ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቁርአን የሚያቀሩን ሼህ ናቸው። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሚኖሩት መሪጌታ። ሁለቱም ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ከጥቀርሻ ነው። ሼሁ ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጠው በዚያው ሳምንት ለሰሌዳችን ያደርሱታል። መሪጌታው ብራና ስለሚጽፉ የእሳቸው ቀለም ስንት ወር በገንቦ ተከድኖ ይሰነብታል። የመንደሩን ድስት ሁሉ የምፍቅላቸው እኔ ነበርኩ። ቅል ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ፤ ስመለስ አፍንጫዬ ሳይቀር ጥቁር ነው። እናቴ «ይቺን ደግሞ ማን ያገባታል!» ትል ነበር።

ለሼሁ የማመጣው ግዴታዬ ነው፤ ደረሳቸው፣ ተማሪያቸው ነኝ። መሪጌታው ግን አንድ ቀን ቅሉን ተቀብለው «በነጻማ አልወስድም» አሉኝ። «ምን ልስጥሽ? በቆሎ ልጥበስልሽ?»

ዓይኔ አጠገባቸው የተዘረጋው የፊደል ገበታ ላይ ነበር። በጣቴ አሳየኋቸው።

«ዓይኗን ያሳረፈችበትን እዩልኝ!» ብለው ሳቁ። «በይ እንግዲህ፤ ለአንድ ቅል ጥቀርሻ አንድ ተራ ፊደል።»

በአንድ ክረምት ውስጥ በመንደሩ ጥቀርሻ ያለው ድስት ጠፋ። እኔም ገበታውን ጨረስኩ።

መሪጌታው ያስተማሩኝ ማንበብ ነው፤ መጻፍ አላስተማሩኝም። በእነሱ ዘንድ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚማረው ሰው ለብቻው ይማረዋል። እኔ ግን ሰሌዳም የሸምበቆ ብዕርም ነበረኝ። ያየሁትን ፊደል ቤት ገብቼ በሰሌዳዬ ጀርባ እጽፈው ጀመር፤ ማንም ሳያየኝ። አንድ ጠዋት ሼሁ ሰሌዳዬን ሲገለብጡ አዩት። እኔ ለአለንጋው እጄን ዘረጋሁ።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«ማን አሳየሽ?»

ነገርኳቸው። ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እኒያ ሽማግሌ ናቸዋ!» አሉ። «ይህ ሰሌዳ የአላህ ቃል የሚጻፍበት ነው። ለሌላው ሌላ ሰሌዳ እጠርብልሻለሁ።» ጠረቡልኝም። ከዚያ አባቴን አስጠርተው «እኔ ዘንድ ያለውን ቀርታ ጨርሳለች፤ ቡሬ ወስደህ ትምህርት ቤት አስገባት» አሉት።

እናቴ አልወደደችውም። በዚያ ሰሞን ሽማግሌ የላከብን ሰው ነበር፤ መልሱ የሚሰጠው እህል ሲገባ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው እንግዲህ። አባቴ ነገሩን እንዲህ አድርጎ ቆረጠው፦ «እወስዳታለሁ። ከእኩዮቿ ጋር ካስቀመጧት እህቴ ዘንድ ሆና ትማር። አይ፣ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ነው የምትገባው ካሉኝ ይዣት እመለሳለሁ። ያን ጊዜ እናንተ እንዳላችሁ ይሁን።» እነሱ እንዳሉት ማለት መዳር ማለት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሱብሂ ሰግደን ወጣን። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነበር፤ አህያዋ ያምናውን በርበሬ በሁለት ስልቻ ተጭናለች፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እያስነጠስኩ። ጭቃው ገና አልደረቀም። በቆሎው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው በላይ ቆሞ ጤዛውን ያራግፍብናል። ፀሐይ ስትወጣ የአህያዋ ጆሮ ዳርና ዳሩ ቀይ ሆኖ ታየኝ። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ቀትር ላይ አባቴ ከሚያርፍበት ክርስቲያን ቤት ገባን። የቤቱ እመቤት ከግድግዳው ላይ አንዲት ድስት አወረደች።

«ይቺ የናንተ ናት፤ ሌላ ነገር አይገባባትም» አለችኝ።

አባቴ «ስንት ዓመት ሙሉ ከሷ በልቼ አሁን ልጠረጥርሽ ነው?» ቢላት፣ «ላንተ አይደለም፤ ልጅቱ ትወቀው ብዬ ነው» አለችው። አባቴ ዙህር ሲሰግድ የራሷን ልጆች «ዋ! ድምፅ እንዳልሰማ» ብላ ወደ ውጭ አባረረቻቸው። ሽሮውን አቀረበችና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀች።

«ትምህርት ቤት ላስገባት ብዬ ነው።»

«ከተቀበሏት ነው እንጂ!» አለችና ወደኔ ዞረች። «ፈርተሻል?»

«አልፈራሁም።»

«ውሸቷን ነው። እንጀራዋን አልቆረሰችም።»

እውነቷን ነበር። የፈራሁት ግን ትምህርት ቤቱን አልነበረም፤ ያን መንገድ መልሼ መሄዱን ነበር።

አክስቴ ዘንድ አደርን። በማግስቱ አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ክፍሉ የጠመኔና የሰው ትንፋሽ ይሸታል። በቆርቆሮው ሽንቁር የገባ ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ተበትኗል። መምህርቷ ከሌላ አገር የመጣች፣ ቀጭን፣ ገና ወጣት ናት።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

«ቁርአን ቀርቻለሁ። ፊደልም አውቃለሁ።»

«እሺ፣ እስቲ ጻፊልኝ፦ አባቴ ገበያ ሄደ።»

ጠመኔ ይዤ አላውቅም። ቢስሚላህ ብዬ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀኝ ጫፍ ሄድኩና አ ብዬ ጻፍኩ። ከአ በስተግራ ባን፣ ከባ በስተግራ ቴን። ማንበቡን መሪጌታው ዓይኔን ወደ ቀኝ አስለምደውልኝ ነበር፤ እጄን ግን ያስለመዱት ሼሁ ናቸው። እጄ የለመደውን ሄደ።

«ኧረ ወደ ኋላ እየሄደች ነው!» አለ አንዱ።

«አባቷ ከገበያ እየተመለሰ ነዋ!» አለች ሌላዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም አፏን በእጇ ከደነች። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ቁርአን ግን ቀርቷልና ከቀኝ መጀመሬ ለሱ ምንም ነውር የለበትም። የሳቁብኝ በሻሼ ወይም በበርበሬው ሽታ መሰለው። ገብቶ የእጄን አንጓ ያዘኝ።

«ይበቃል። ነይ።»

እስከ ግቢው በር ባህር ዛፍ ለባህር ዛፍ ይዞኝ ሄደ። እግሬ ይከተለዋል፤ ልቤ አልተከተለውም። ለአባቴ ቃል መልሼለት አላውቅም ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ግን መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ፊደሉ ትክክል ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቃቸዋል?»

«የጀመርኩበት ነው። ከግራ ነው መሰለኝ የሚጀመረው። ፊደሉ ግን ትክክል ነው። አባባ፣ አትመልሰኝ።»

አባቴ ቆመ። «ከግራ?» አለ። «ማን ነው ነገር በግራ የሚጀምር?»

ይህን ሲል መምህርቷ እየሮጠች ደረሰች፤ ጣቶቿ ነጭ ናቸው።

«አባት፣ ይቆዩኝ!»

«ልጄን ለመሳቂያ አላመጣኋትም።»

«እኔም ስቄያለሁ፤ አጥፍቻለሁ። አንድም ፊደል አልሳተችም እኮ። ትመለስና ታንብብልኝ።»

አባቴ የያዘውን እጄን አየው። መጀመሪያ ጠበቅ አደረገኝ፤ አመመኝ። ቀጥሎ ለቀቀኝ።

«ሂጂ» አለ።

የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ አነበብኩት። የሦስተኛውን ሰጠችኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ቅድም የሳቁት ልጆች አሁን አንገታቸውን አስግገዋል። «ሦስተኛ ክፍል፣ ከእኩዮቿ ጋር» አለች መምህርቷ።

አባቴ «ከሕፃናት ጋር አይደለም?» ብሎ ጠየቃት።

«አይደለም።»

«አላህ ያክብርሽ።» ሊወጣ ካለ በኋላ ደግሞ ዞር አለ። «ግን ያ በግራ መጀመሩ… ግድ ነው?»

«ለአማርኛው ግድ ነው፣ አባት።»

«ይሁን እንግዲህ።»

ከዚያ በኋላ ደብተሬ ሁለት መጀመሪያ ነበረው። በግራ ሲገለጥ የመምህርቷ ትምህርት፣ በቀኝ ሲገለጥ መስጊድ የምቀራው። መሐሉ ላይ ሲገናኙ አክስቴ ሌላ ደብተር ትገዛልኛለች።

የተማርኩት ግን ብዙ አይደለም፤ አምስተኛን እንደጨረስኩ እናቴ ታመመችና ተመለስኩ። ሽማግሌ የላከው ሰው ያን ጊዜ ሌላ አግብቶ ወልዷል። እኔ የተዳርኩት አድጌ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ነው። ያቺን ሦስት ዓመት እንደ ትንሽ የሚቆጥር ሰው አለ፤ እኔ አልቆጥርም። የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ። ልጆቼ «ፈተና የለብንም» ብለው አታለውኝ አያውቁም። በእርጅናዬ ዋዜማ ደግሞ በልጄ ስልክ መልእክት መጻፍ ተምሬያለሁ፤ ይህንንም እየጻፍኩ ያለሁት በራሴ እጅ ነው፤ ከግራ ጀምሬ። አንዳንዴ እጄ አሁንም ይጠይቀኛል።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ልብሷን ስታጥፍ አገኘኋት። ወደ ሻንጣው አልከተተችውም፤ አጥፋ አልጋው ላይ ብቻ ደርድራዋለች።

«እማ፣ እናያለን ማለት እምቢ ማለት ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ሂጂ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ሂጂ። በየደረስሽበት ደውይልኝ።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሻንጣው ተከፈተ፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሳሙናና የአዲስ ልብስ ሽታ ሸተተ። እኔ ወደ ደጅ ወጣሁና አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አባቴ ትዝ አለኝ፤ ከቡሬ የሄደ ዕለት።

በርበሬውን ሸጦ፣ ለኔ እርሳስና ሻሽ ገዝቶ፣ ለአክስቴ አደራ ብሎ ጠዋት ወጣ። አላቀፈኝም፤ የሱ ልማድ አልነበረም። «ፍርሃት አይግባሽ» ብቻ ነው ያለኝ፤ ፊቱን ወደ አህያዋ አዙሮ። እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘሁት። ከዚያ ከአክስቴ ጋር ጥጥ ልፈለቅቅ ተቀመጥኩ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል የአህያ ኮቴ ሰማን። አባቴ በአጥሩ በር ገባ።

አክስቴ ደንግጣ ተነሳች። «ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። አህያዋ ውሃ ጠማት።»

«ውሃ? እስከ ሽንዲ ድረስ ስንት ወንዝ እያለልህ?»

እኔ እየሮጥኩ በገበቴ ውሃ አመጣሁ። ከአህያዋ ፊት አስቀመጥኩና ቀና ስል አባቴ እኔን እያየኝ ነበር፤ ከእግሬ ጀምሮ እስከ ሻሼ ድረስ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀራ ሰው። አክስቴም ነገሩ ገባት መሰለኝ ተመልሳ ወደ ጥጧ ተቀመጠች።

አህያዋ አልጠጣችም።