የተቆለፈው ሣጥን

የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ ገና ሳትጠየቅ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" የምትል ሴት ናት። ጸሐፊዋ ይህን ካስተዋለች ወራት ሆኗታል። ኃላፊዋ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ትውላለች፤ የምሳ ዕቃዋን ትከፍትና ሳትነካው መልሳ ትከድነዋለች። አረንጓዴ እስክሪብቶዋ ግን ከእጇ አይለይም። በመሥሪያ ቤቱ በአረንጓዴ የሚጽፍ ከእሷ ሌላ የለም።

ሰሞኑን ለሠራተኛው የአእምሮ ጤና ሥልጠና ታቅዳለች። "የጨነቀው ሰው ስሙን ሳይጠቅስ ጽፎ ይክተት" ብላ ኮሪደሩ ላይ የተቆለፈ ሣጥን ሰቀለች። ሠራተኛው ግን የእጅ ጽሑፌ ያሳብቅብኛል ብሎ ፈራ፤ "ሆድ ይፍጀው" እያለ በአጠገቡ ያልፋል።

ዛሬ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሣጥኑን ከፈቱት። የወጣችው አንዲት ወረቀት ብቻ ናት። ሳያነቧት ለጸሐፊዋ አቀበሏትና ሳቁ።

"ከመቶ ሃያ ሰው አንድ? ተመስገን ነው! በሉ ሥልጠናው ለከርሞ ይቆየን። ምን ትያለሽ እህቴ?"

"ይቆይ፣ ምን ቸገረ" አለች ኃላፊዋ ፈገግ ብላ።

ጸሐፊዋ ወረቀቷን ገለጠቻት። በግራ እጅ የተጻፈ ይመስል ፊደሉ ሁሉ ተንጋዷል። "እባካችሁ የሥልጠናውን ቀን አቅርቡት፤ እስከዚያ የምዘልቅ አይመስለኝም" ይላል። ጸሐፊዋ ክው አለች። ሴትዮዋ የእጅ ጽሑፏን ስትደብቅ ቀለሙን ረስታዋለች።

ቀና ስትል ኃላፊዋ የሥልጠናው ዕቅድ ላይ አቀርቅራለች። በዚያው አረንጓዴ፣ በሚያምረው የቀኝ እጅ ጽሑፏ፣ "ለከርሞ ተላልፏል" ብላ ትጽፋለች።