ሁለት ቦታ የሚገኘው ጀግና

የልጄ መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ ነው፤ ከአንድ ቱሪስት የተረፈ። ጂንካ ውስጥ ብዙ ነገር ከቱሪስት ይተርፋል። ገጹ ሁሉ የጀግኖች ሥዕል ነው፤ አንዱ ይበራል፣ አንዱ መኪና በአንድ እጁ ያነሳል፣ አንዷ ግድግዳ አልፋ ታያለች፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይገኛል። ልጄ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች ለእናቷ ታነብላታለች። ባለቤቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከአልጋ የምትነሳው በእኛ እጅ ነው። እኔ በትከሻዋ፣ ልጄ በእግሯ በኩል የተኛችበትን አንሶላ እንይዝና ጠዋት ወደ ወንበሩ፣ ማታ ወደ አልጋው እናዞራታለን።

«አባዬ፣ አንዱን ችሎታ ውሰድ ብትባል የቱን ትመርጣለህ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከማስተምርበት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

መብረሩ ይቅርብኝ፤ የት ልሄድ? ጉልበቱን ባገኝ ሰፈሩ ሁሉ ግንድ ሲያስነሳኝ ሊውል ነው። ግድግዳ አልፎ ማየትም አያስፈልገኝም፤ በእኛ የጭቃ ግድግዳ ጎረቤት የሚያወራውን ሁሉ እሰማለሁ።

«የማይደክመውን ስጪኝ» አልኳት።

ገጹን አገላብጣ «እሱ እዚህ የለም» አለች። እናቷ ሳቀች። አፏ ወደ አንድ ጎን እየተጎተተም ሳቋ ደስ ይላል።

«አንቺስ የቱን?»

«ሁለት ቦታ የሚገኘውን» አለችና መጽሐፉን ዘጋችው።

የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ በዚያው ሰሞን ወጥቶ ነበር። የደረሳት ሩቅ ነው፤ አልሄድም ብላናለች። ሂጂ ልላት አፌን ስከፍት አንሶላው ትዝ ይለኛል። የእግሩን በኩል ማን ይይዛል? ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር።

በወጣትነቴ ከጂንካ ራቅ ብላ ካለችው ከገዘር ከተማ በላይ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር የተመደብኩት። እዚያ በሽተኛ ወደ መንገድ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። የተሸከመ ሰው ደከመኝ አይልም፤ ባዶ እጁን የሚከተለው ራሱ አይቶ ትከሻውን ከሥር ያስገባል። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ይህን ምን አውቄ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ገበሬ ሊተካኝ ሲመጣ የናቀኝ መስሎኝ «ገና አልደከመኝም» ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ቲቸር፣ ማን ጠየቀህ? ልቀቅ» አለኝ።

አንድ ማታ የልጄን መጽሐፍ ሳገላብጥ ይህ ትዝ አለኝ። እነዚያ ሁሉ ጀግኖች ብቻቸውን ነው የሚሸከሙት። ያን ሁሉ ጉልበት ይዘው ተተኪ የሌላቸው መሆኑ አሳዘነኝ፤ የራሴ ሳያንሰኝ ለሌላ አዝናለሁ ብዬ ደግሞ በራሴ ሳቅኩ።

በዚያው ማታ እንደምንም ሂጂ አልኳት፤ በማግስቱ ጠዋት እኔና ልጄ አንሶላውን እንደያዝን ጭቅጭቁን ቀጠልን። እኔ ሂጂ፣ እሷ አልሄድም። ባለቤቴ በመሃል ዓይኗን ጨፍናለች። በሩ ተከፈተና ጎረቤታችን ገባች፤ የባለቤቴ የቸርች ጓደኛ ናት፣ የዚያው የገዘር አገር ሰው። ለካ ግድግዳው ለእነሱም እንደ እኛው ነው።

ደህና አደራችሁ እንኳ አላለችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ልጄን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ የአንሶላውን ጫፍ ያዘች።

«እኔ እኮ አልደከመኝም» አለች ልጄ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለቻት። «ልቀቂ።»

ልጄ አየችኝ። ከዚያ ለቀቀች።