ለዳታቤዙ መጽሐፍ የሰጠሁት አስተያየት

የከተማው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኝ ሰኔ ውስጥ፣ ሰማዩ በጠቆረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መካነ ሰላም ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ ሆስፒታሉ የታካሚዎችን ካርድ የሚመዘግብበትን ዳታቤዝ መጠበቅ ነው፤ ሲበላሽ መጠገን፣ ሲንቀራፈፍ ማየት፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሲቸገሩ መርዳት። ከእኔ ሌላ ይህን ሙያ የተማረ ሰው በከተማው ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለም አልተገናኘንም።

ሰውየው በሩ ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ አራገፉ።

“እህቴ፣ ኮምፒውተር የተማረችው አንቺ ነሽ አሉኝ።”

“ነኝ፤ ይግቡ።”

ከፌስታሉ ያወጡት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ እንደ ጡብ የወፈረ። የአንድን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ትእዛዞች በሙሉ በፊደል ተራ እየዘረዘረ የሚያብራራ ማመሳከሪያ ነው። በእርዳታ ከመጡ ካርቶኖች ውስጥ ነበር ያገኙት።

“መደርደሪያዬ ጠባብ ነው” አሉ። “የሚጠቅመውን አስቀምጬ የማይጠቅመውን ዕቃ ቤት ልክተት ብዬ፣ ሌላውን ሁሉ ለየሁ። ይኼን ግን መፍረድ አቃተኝ። አንብቢውና ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብለሽ አስተያየትሽን ጻፊልኝ። አጭርም ቢሆን ግድ የለም።”

እውነቱን ለመናገር ሽፋኑን አይቼ እዚያው ልመልስላቸው እችል ነበር። ተማሪ ሳለን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገዛ አልነበረም፤ የፈለግነውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ እናገኘዋለን። ግን እዚህ ከተማ ስለ ሙያዬ ሊጠይቀኝ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። “አነበዋለሁ” አልኳቸው።

ያን ጊዜ በጸጥታው ችግር ምክንያት ኢንተርኔት ከጠፋ ከርሟል። ስልኩም አንድ ቀን ይሠራና መልሶ ይጠፋል። ደሴ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ፤ ድሮ ሥራ ሲያስቸግረኝ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፣ እሱም መፍትሔውን ይልክልኛል። እናቴ ደግሞ ከኮምቦልቻ እየደወለች ምን እንደበላሁ ሳትጠይቅ አታድርም ነበር። የሁለቱም ድምፅ በአንድ ጊዜ ቀረብኝ። መንገዱ ተከፈተ ሲሉት ይዘጋል። ከደሴ በአቀስታ በኩል አውቶቡስ ገባ ሲባል ሰው ሁሉ ወሬ ለመስማት ወደ መናኸሪያ ይሄዳል፤ እኔም እሄድ ነበር። ከሚወርዱት ውስጥ የማውቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ቢሆንም ትናንት ደሴ ያደረ ሰው ማየቱ ራሱ ደስ ይለኛል።

የምኖረው አንድ አዛውንት ቄስ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ባለቤታቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄደው፣ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀርተዋል። አባ ከቅዳሴ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ከሥራ ስመለስ መጽሐፉን ይዤ በክፍሌ ደጃፍ እቀመጣለሁ። በመካከላችን ዝናቡ ይወርዳል።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን አልወደድኩትም። የትእዛዙን ስም የሚያውቅ ሰው መጽሐፉ ብዙም አያስፈልገውም፤ ስሙን የማያውቅ ደግሞ የት ገጽ ላይ እንደሚፈልግ አያውቅም። እንደ ሐኪም “ምንሽን አመመሽ?” ብሎ አይጀምርም፤ የመድኃኒቶቹን ስም ነው የሚደረድርልሽ። የቆየ እትም በመሆኑ ዛሬ የተለወጡ ነገሮችም አሉበት። እነዚህን ነጥቦች በልቤ ያዝኳቸው። አስተያየቱ በዚያው ሳምንት ሊያልቅ ይችል ነበር፤ እኔ ግን ማንበቤን ቀጠልኩ። ሌላ የሚያናግረኝ አልነበረም።

መጽሐፉ በምሳሌነት የሚጠቀምባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ደራሲዎቹ የፈጠሯቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች። የአንዷ ደመወዝ ይጨመራል፣ የአንዱ ክፍል ይቀየራል፣ በሌላ ምዕራፍ ደግሞ አንዱ ከሠንጠረዡ ይሰረዛል። ሳይታወቀኝ ለመድኋቸው። የስልክ ቁጥሩ ምሳሌው ላይ ባዶ የተተወ አንድ ሠራተኛ ነበር። መጽሐፉ እሱን ይዞ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል፤ ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም፣ የለም ማለትም አይደለም፣ አይታወቅም ማለት ነው ይላል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው በፈተና መልሼዋለሁ። ያን ዕለት ግን መጽሐፉን ዘግቼ ዝናቡን ሳይ ቆየሁ።

አባ ከበረንዳቸው ሆነው ያዩኝ ነበር።

“ልጄ፣ ያስተከዘሽ ምን ይላል መጽሐፉ?”

“ስለማይታወቅ ነገር ነው አባ። የማናውቀውን ‘የለም’ ብለን እንዳንጽፍ ይላል።”

ትንሽ አሰቡ። “ደግ ብሏል” አሉ። “እኔም የባለቤቴን ነገር ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ጨንቆኝ ነበር። አላውቅም ማለት ነዋ።” ከዚያ ተነሥተው ገቡ። ተከትያቸው ገብቼ ላጽናናቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ዝናቡን ሳልሻገር ቀረሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት መብራት ድንገት ሄደ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። መብራቱ ተመልሶ ዳታቤዙ ያለበትን ሰርቨር ስንከፍተው የታካሚዎቹ ሠንጠረዥ አልከፈት አለ። የታካሚው ስም ሲነገረን የካርዱን ቁጥር የሚነግረን እሱ ነው፤ ያለ ቁጥሩ ካርዱን ከዚያ ሁሉ መደርደሪያ ውስጥ ማግኘት አይቻልም። መጠባበቂያ ቅጂ የምናስቀምጥበት ዲስክ ቀደም ብሎ ተበላሽቶ፣ ምትኩ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት የስኳር ክትትል ያላቸው እናት ናቸው፤ ከገጠር በእግራቸው የመጡ። ስማቸውን ደጋግመው ይናገራሉ፤ እኛ ደግሞ ካርዳቸውን ልናገኝላቸው አልቻልንም።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት፣ ወደ ውስጥ መጣች። “ምን ልበላቸው?”

“ጊዜያዊ ካርድ አውጪላቸው። እኔ አንድ ነገር ልሞክር።”

“አብሽሪ” አለችኝ። “ይኼ ሳይመጣም በወረቀት ሠርተናል።”

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ለደሴው ጓደኛዬ ልልክለት ያሰብኩትን ጥያቄ ለማንም ልልከው አልችልም። ወደ ቤት ሮጬ መጽሐፉን አመጣሁ። ሠንጠረዥ ስለ መጠገን የሚናገረውን ገጽ ለማግኘት ብዙ ገለበጥኩ፤ ተራው የፊደል ስለሆነ የምፈልገው ነገር በማልጠብቀው ስም ተቀምጧል። በመጨረሻ አገኘሁትና ትእዛዙን ጽፌ ጨረስኩ። ቁልፉን ልጫን ስል ከግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አየሁ። ይህ ጥገና መረጃ ሊያጠፋ ይችላል፣ አስቀድመህ ፋይሎቹን ቅዳ ይላል። ሌላ ማንም “ቆዪ” ያለኝ አልነበረም። እጄን ከቁልፉ አነሣሁ።

ቀዳሁ። ቀላሉን ጥገና በቅጂው ላይ ሞከርኩ፤ አልሠራም። ከበድ ያለውን ስሞክር ቅጂው ጭራሽ ተበላሸ። መጽሐፉ ባያስጠነቅቀኝ ኖሮ የተበላሸው ዋናው ነበር። እንደገና ቀድቼ ከስሕተቴ ተምሬ ደገምኩት። ሠንጠረዡ ሲከፈትና ስሞቹ በስክሪኑ ላይ ሲወርዱ፣ ወንበሬን ገፍቼ ዞርኩ፤ ለሰው ላሳይ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

የቅርብ ጊዜዎቹ ምዝገባዎች ጠፍተዋል። እነሱን ከካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጋር ከወረቀቱ እያየን ብዙ ቀን መልሰን አስገባን። እኚያ እናት መድኃኒታቸውን ያገኙት በጊዜያዊው ካርድ ነው። አለቃዬ ብቅ ብሎ “ተሠራ?” አለኝ። “ተሠራ” አልኩት። “ጎሽ” ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ። በእርግጥ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ሠንጠረዡ በተከፈተበት ዕለት ቤት ስደርስ አባ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሰላምታ ሰጥቼ ላልፍ ነበር፤ እግሬ ግን ቆመ።

“አባ፣ አንድ ነገር ላውራዎት? ላይገባዎት ይችላል።”

“ባይገባኝስ? ተቀመጪና አውሪኝ።”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሠንጠረዡን፣ ቅጂውን፣ የተበላሸውን፣ ስሞቹ ሲወርዱ ያየሁትን። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ይኼ ሁሉ ሲሆን ብቻሽን ነበርሽ?”

“አዎ አባ።”

እንባዬ መጣ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግቢው መለሱልኝ፤ እንባዬን እስክጠርግ ድረስ ስለ ዝናቡ አወሩ።

አስተያየቱን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለጀማሪ አይሆንም፤ ለመማር ሳይሆን ለማመሳከር ነው፤ አንዳንዱ ነገር አርጅቷል፤ ማውጫው ያስቸግራል፤ ግን የሚያስጠነቅቅበት ቦታ ላይ በትክክል ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ አልኩ። ኃላፊው ቆመው አነበቡት።

“ማን ይዋሰዋል ትያለሽ?”

“ምናልባት ማንም።”

“እና ይቀመጥ?”

“የሚፈልገው ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው ሌላ ላይኖረው ይችላል” አልኳቸው።

ሳቁ። ቦታ ለማበጀት ሌሎቹን መጻሕፍት ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ዕቃ ቤት የገቡትን ካርቶኖች እንደገና ብናያቸው ምን ይመስልሻል ሲሉኝ፣ ቶሎ እሺ ማለቴ እኔን ራሴን አሳፈረኝ።

ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ዋልኩ። ብዙም አንነጋገርም፤ እሳቸው መጻሕፍቱ ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ፣ እኔ አነብባለሁ። ቤተሰባቸው ወረኢሉ እንደሆነና ከተያዩ እንደቆዩ የነገሩኝ ዘግይተው ነው። መስከረም ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ወደ ቤተሰባቸው የጠየቁት ዝውውርም ተፈቀደላቸው። ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። በአውቶቡሱ መስኮት “አይዞሽ እህቴ፣ አንቺም ይደርስሻል” አሉኝ። እኔ ዝውውር አልጠየቅሁም ነበር፤ ግን “አሜን” አልኩ።

አዲስ ኃላፊ ገና አልተመደበም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ዝግ ነው። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ትንሽ ቆሜ፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት ከመከፈቱ በፊት ልድረስ ብዬ በጭቃው መንገድ ወደ ሥራ ሄድኩ።