የበለስ ዘር አንጀቴን የዘጋ ጊዜ

መጀመሪያ ቁርጠት ነው የመጣው። እምብርቴ ዙሪያ ይይዘኛል፣ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይይዘኛል። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮምቦልቻ በለስ የደረሰበት ወራት ነበር። እኔም ስድሳን አልፌ፣ ጥርሴን ጨርሼ፣ ቀኑን ሙሉ በለስ ስውጥ እውል ነበር።

ጎረቤቶቼ «ወስፋት ነው» ብለው ኮሶ በጠበጡልኝ። በኛ ዘንድ ሆድ ካስቸገረ ኮሶ ነው። ጠጣሁ። ባሰብኝ። ሆዴ ተነፋ። አረንጓዴ አስመለሰኝ።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሰይድ ከሐርቡ መጥቶ ዱዓ አስደረገልኝ። ሐኪም ቤት ሲባል ግን «በዚህ ዕድሜዋ በቢላ አትንገላታ፣ ቤቷ በሰላም ትሙት» አለ።

«አያ ሰይድ፣ ለዱዓው አሚን ብያለሁ። አሁን መኪና ጥራልኝ! ለመሞት የቸኮለ ካለ እሱ ይቅደም» አልሁት።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ደሴ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ።

«እማማ፣ ፈስ ይወጣዎታል?»

ወንድሜ በኀፍረት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቢወጣማ እዚህ ምን አመጣኝ፣ ልጄ!»

ራጅ ተነሣሁ። «አንጀትዎ ተዘግቷል። ቶሎ ካልተከፈተ ይሞታል» አለኝ። የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ለወንድሜ ዘረጋ። ወንድሜ እጁን ሰበሰበ። «ይቅርባት» አለ።

ወረቀቱን ከሐኪሙ እጅ ነጠቅሁ። ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርሁ ሴት ነኝ። ስሜን ጻፍሁ።

ስነቃ በአፍንጫዬ ቱቦ ገብቷል። «የበለስ ዘር ተጣብቆ ድንጋይ ሆኖ አገኘነው» አለኝ ሐኪሙ። «ፋይቶቤዞር ይባላል፤ ብዙ አይገጥመንም። ጥርስ የሌለው ሰው ሳያላምጥ ሲውጥ ይመጣል። ኮሶው ደግሞ የታፈነውን አንጀት አስጨነቀው።»

ከዚያ ወዲያ ውኃ በማንኪያ፣ ቀጥሎ ቀጭን አጥሚት እየቀመስሁ፣ አያ ሰይድም በአንድ እጁ እኔን በሌላው የቱቦዬን ከረጢት ይዞ በኮሪደሩ ላይ ታች ሲያመላልሰኝ፣ ጉልበቴ ቀስ በቀስ ተመለሰ። «ቤቴ ሄጄ በሰላም ልሙት እንዴ?» ስለው «ወሬሽን ትተሽ ተራመጂ!» ይለኝ ነበር።

አልሐምዱሊላህ። ቀደው የሰፉኝን፣ ያጠቡኝን፣ ያጎረሱኝን ሁሉ አላህ ይጠብቅልኝ። ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ፈስና ሰገራ የቆመበት ሰው ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይጠጣ፤ ሐኪም ዘንድ ይሩጥ። ጥርስ የሌላችሁ፣ የበለሱን ጭማቂ መጥጣችሁ ዘሩን ትፉት። እናንተ እኩዮቼ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ ምን ቀራቸው» ሲሏችሁ አትስሙ። ዕድሜን የሚቆርጥ አላህ ነው፤ እስኪቆርጠው ድረስ የራሳችሁ ነው።