አፋቸውን የገጠሙ ፊቶች

ዴልበርት ኖቫክ አፉን የከፈተ ሰው ፎቶ ገዝቶ አያውቅም። ሕጉ ይህ ነበር። የሮክ ሙዚቀኛ መሆን አለበት፤ ግን መድረክ ላይ መሆን የለበትም፣ ጊታር መያዝ የለበትም፣ ከንፈሩ መገጠም አለበት። ወንበር ላይ ወይ ደረጃ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ፊት ብቻ። ዲትሮይት አጠገብ ባለችው ከተማችን ሃምትራምክ ውስጥ ፎቶ የሚሰበስቡ ሰባት ስምንት ሰዎች በወር አንዴ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይገናኛሉ፤ እዚያ ይህንን አመሉን አንስተው የማይቀልዱበት ቀን አልነበረም።

«ምነው ዴልበርት፣ አፉን ከከፈተ ይዘፍንብኛል ብለህ ፈርተህ ነው?» ይሉታል።

እሱ ግማሹን ሰምቶ፣ ግማሹን ከከንፈራቸው አንብቦ ፈገግ ይላል።

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ስሜ አይሪን ነው፤ ሱቄ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነው፤ ምላሴ ረጅም መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዴልበርትን ፎቶዎች በሙሉ ፍሬም ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጎ፣ ዝናብ እንዳይነካው ካፖርቱ ሥር ይዞት ይገባል። ሰላምታ የለም። ጠረጴዛዬን በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላል፣ ነጭ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ከዚያ ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ ያስቀምጠዋል።

የሰብሳቢዎች ልማድ ነው፤ ፎቶን የሚተዋወቁት ከጀርባው ነው። የፎቶ አንሺው ማኅተም አለ? ፊርማው በእርሳስ ነው ወይስ በቀለም? ስንተኛው ቅጂ ነው? ወረቀቱ ፎቶው የተነሣ ጊዜ የታጠበ ነው ወይስ በኋላ? ይህ ሁሉ ተጣርቶ ካበቃ በኋላ ነው ፊቱን የሚገለብጡት። «እናንተ ሰዎች ሚስት ስታጩም እንዲህ ነው?» ብዬው አውቃለሁ። አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆኖ አለፈኝ።

የጆሮውን ነገር ልንገራችሁ። ዴልበርት የመኪና በር ከላሜራ የሚቀርጽ ማሽን ፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። ፋብሪካ ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያኔ ዲትሮይት ውስጥ እሱ ያልገባበት የሙዚቃ አዳራሽ አልነበረም። ደሞዙን ለትኬትና ለሸክላ ነበር የሚጨርሰው። ማሽኑ ጆሮውን በአንድ ቀን አልወሰደበትም፤ እየሸረፈ ነው የወሰደው። መጀመሪያ የድራሙ ጸናጽል ጠፋ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ። ከዚያ የበር ደወል፣ ወፍ፣ የሚፈላ ውኃ። ሚስቱ ዶሬታ አሥራ አንድ ዓመት ጮኸችለት፤ በአሥራ ሁለተኛው ሻንጣዋን ይዛ ወደ እህቷ ሄደች።

«ደግ ሰው ነው» አለችኝ ልትሰናበተኝ ስትመጣ። «ግን አይሪን፣ ጨው አቀብለኝ ለማለት ጉሮሮዬ ደማ። ከግድግዳ ጋር መኖር ሰለቸኝ።»

ልጅ አልነበራቸውም። ዴልበርት በዚያው ዓመት ሸክላዎቹን በሙሉ ለጎረቤት ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ የአንድ የሞተ ሰው ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ገባና አንድ ፎቶ አገኘ። በሃያ ዓመቱ መድረክ ላይ ያየው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ አፉ ተገጥሟል። ሱቄ ይዞት መጣ። እንደዚያ ቀን ብዙ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ሲዘፍኑ ሳይ የጎደለብኝን አስባለሁ» አለኝ። «ይሄ ግን ዝም ብሏል። እሱ ዝም ካለ እኔ የቀረብኝ ነገር የለም።»

አንጀቴን በላው። የፍሬሙን ዋጋ ቀነስኩለት፤ እኔ ደግሞ ዋጋ የምቀንስ ሴት አይደለሁም።

እንዲህ እያለ አርባ ስምንት ፎቶ ሰበሰበ። ብርሃን ይበላቸዋል ብሎ አርባ ሰባቱን ቁም ሣጥን ውስጥ በሣጥን ዘግቶ ያኖራቸዋል። ግድግዳ ላይ የዋለችው አንዲት ናት፤ ያውም ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከወንበሩ ትይዩ። ፀጉሯ የረጠበ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ እናቷ ቤት የኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቀጥ ብላ ታይሃለች። ፎቶ አንሺው ሃርላን ቲግ ነው፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ቮንዳ ኬስለር» ብሎ ጽፏል። ዴልበርት ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም የሚበላው እሷን እያየ ነበር።

ባለፈው መጋቢት አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን ዲፕሎማ ፍሬም ልታስገባ መጣች። ደረሰኝ ልጽፍ ስሟን ጠየቅኳት።

«ቮንዳ ኬስለር።»

እርሳሴ ቆመ። «ዘፋኟ?»

«ምን ዘፋኝ አለ» ብላ ሳቀች። «እኔና ባንዴ ስንት ሸክላ እንደሸጥን ታውቂያለሽ? ሦስት መቶ። ግማሹን የገዛችው እናቴ ናት። ከዚያ በኋላማ ጡረታ እስክወጣ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ ሳድል ነው የኖርኩት።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዲፕሎማውን ገና ከጥቅሉ ሳልፈታ ስለ ዴልበርት፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ወጥ ቤቱ ዘርግፌ ነገርኳት። ስጨርስ ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«እዚህ ከተማ ውስጥ እኔን የሚያስታውስ ሰው አለ ነው የምትይኝ?»

«በቀን ሦስቴ» አልኳት። ይህንን ስል ሙሉ እውነቱን እንዳልነገርኳት ያኔ አላሰብኩም።

ለእሁድ ከሰዓት ተቀጣጠርን። ዴልበርት ወሬውን ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ፣ ሲገባው እዚያው በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለ። እሁድ ስደርስ አገጩን በምላጭ ቆርጦታል፤ ከዳቦ ቤቱ ፖንችኪ የሚሉትን በማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ አንድ ደርዘን ገዝቷል፤ ለሦስት ሰው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ወንበር ከሱቄ ተሸክሜ ነበር የመጣሁት። ዶሬታ ከሄደች ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ወንበር ሳያስፈልገው መኖሩን ያኔ ነው የተረዳሁት።

«አይሪን» አለኝ ወንበሩን እያስተካከለ፣ «ብዙ ነገር አልፈልግም። በሚቀጥለውም እሁድ እንድትመጣ ብቻ ነው።»

ቮንዳ ገባች። ከንፈሯን ተቀብታለች፤ ጥሩ ካፖርቷን ለብሳለች። ዴልበርት እጇን በመጨበጥ ፈንታ ነጭ ጓንት ሰጣት። ፎቶውን ገና ጠዋት ከፍሬሙ አውጥቶ ጨርቅ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ በፊቱ ደፍቶ፣ እንደ ልማዱ።

«ይኸውልዎት ማኅተሙ» አለ። «ይሄ የሃርላን ቲግ የመጀመሪያው ነው፤ በኋላ ቀይሮታል። እዚህ ጋ ደግሞ ይመልከቱ፣ ከአሥራ አምስቱ ሦስተኛው ቅጂ። ወረቀቱ ዛሬ አይመረትም። ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ቡና ዓይነት ነጠብጣብ ፎቶውን ካጠበው ሰው እጅ ናት፤ ሌሎቹ ቅጂዎች ላይ የለችም።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጀርባውን አስጎበኛት። ለእሱ ይህ ትልቁ አክብሮት ነበር፤ ከእኔ በቀር ለማንም አሳይቶት አያውቅም። እሷ በትዕግሥት ራሷን ነቀነቀች።

«ደስ ይላል» አለች በመጨረሻ። «ፊቴስ የት ሄደ?»

ገለበጠው። ቮንዳ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አቤት ቅጥነቴ» አለች። «ያን ቀን ሃርላን አንድ ሰዓት ሙሉ ‹አፍሽን ዝጊ› ሲለኝ ዋለ። እያንጎራጎርኩ አስቸገርኩት። ተናድጄ ቅጂውንም አልፈልግም አልኩት።» ቀና ብላ ዴልበርትን አየችው። «አንተ ከዘፈኖቻችን የትኛውን ነው የምትወደው?»

አልሰማም። እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ለምን ደገምኩለት? ያኔ እንደ ሰው ሆድ ይፍጀው ብዬ ብውጠው ምን ነበረበት።

ዴልበርት ቀላ። «አልሰማሁትም» አለ። «ሸክላዎ ሲወጣ የሴት ድምፅ መስማት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔን ለምን ገዛኸኝ?»

ጓንቱን ከጣቶቹ ጎትቶ አወለቀ። ከዚያ፣ «ፊትዎ እዚያ ሲኖር» አለ፣ «ምሳ ብቻዬን የበላሁ አይመስለኝም።»

ቮንዳ ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ። እጇን እጁ ላይ አደረገች። አሁን ተሳካ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

«እንግዲያው አንዱን ልዝፈንልህ» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ አልዘፈንኩትም። የወጣልኝን ያህል።»

ካፖርቷን አውልቃ ቆመች፤ ጀመረችም። ድምፅዋ ሰንጣቃ ነበር፣ ዳር ዳሩ አርጅቶ ነበር፣ ግን መሐሉ ላይ አንድ ያልሞተ ነገር ነበረው። እኔ በቆዳዬ ላይ ተሰማኝ።

እዚህ ከተማ ፋብሪካ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ አመል አለው። የመስሚያ መርጃ ጆሮው ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ በመጣ ቁጥር እጁ ራሱን ሳያማክር ወደ ጆሮው ይሄዳል። መርጃው ንግግር ያቀርባል እንጂ ዘፈን ላይ ሲደርስ ላሜራ እንደሚቀደድ ነው የሚጮኸው። የዴልበርት እጅ ተነሣ። ቀኙን አጠፋ፣ ግራውን አጠፋ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ መልሶ፣ ዓይኑን ከአፏ ሳይነቅል፣ እስከዚያ ቀን አይቼበት እንደማላውቀው አድርጎ ፈገግ አለ።

ቮንዳ ግን ፈገግታውን አላየችም። እጁን ነው ያየችው። ስንኙን ሳትጨርስ አቆመች፣ ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«ፖንችኪውን እኮ አልበሉም» አለ ዴልበርት። መርጃውን ስላጠፋው ከሚገባው በላይ ጮኾ ነበር።

«ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለች፤ ጓንቱን አጣጥፋ ፎቶው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

«ለምን ሄደች?» አለኝ።

ጆሮዬን በጣቴ አሳየሁት። እጁን አንሥቶ ነካው፣ ከዚያ ገባው። ሰው እንዲያ ሲገረጣ ደስ አይልም።

«መርጃው ሲያፏጭብኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ» አለ። «ደህና አድርጌ ልያት ብዬ ነው።»

በማግስቱ ስልክ ደወልኩላት። ስለ መርጃው፣ ስለ ላሜራው፣ ስለ ፈገግታው አንድ ሳላስቀር አስረዳኋት።

«አይሪን፣ ይገባኛል» አለች። «አባቴም እዚያው ፋብሪካ ነው ያረጀው። በዚያን ጊዜ መርጃው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የምትቀመጥ ሣጥን ነበረች፣ በጎን መዘውር ያላት። እኔ ገበታ ላይ መዝፈን ስጀምር እጁ ሊያጠፋት ወደ ኪሱ ትሄዳለች። ከልጅነቴ እስከሚሞት ድረስ። ክፋት እንዳልነበረው አውቃለሁ። ግን ሰውዬሽ ያስታውሰኛል ብለሽኝ ነው የመጣሁት፤ እኔ ያንን እጅ እንደገና ለማየት አቅም የለኝም።»

እውነት ነው፣ ብዬአታለሁ። በቀን ሦስቴ ብዬአታለሁ።

ቅዳሜ ዴልበርት ሱቄ ገባ። እጁ ባዶ ነበር፤ ያለ ፎቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። «ምን አለች?» አለኝ ከበሩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። አልሰማም። ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ወደ ከንፈሬ ተጠጋ፣ እንደገና ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ደንበኞች መስታወት እየመረጡ ቆመዋል፤ እኔ እንባዬ እየመጣ በሱቁ ሙሉ ጮኽኩ፦

«አባቷም እንዳንተ ነበር! ስትዘፍን ያጠፋባት ነበር! አትመጣም!»

ደንበኞቹ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ዴልበርት ካርቶን የሚያስቀምጥበትን የካፖርቱን ጎን በመዳፉ እየዳበሰ ቆመ።

«ንገሪያት» አለኝ ቀስ ብሎ። «መዝፈን የለባትም። መጥታ ዝም ብላ ብትቀመጥ ይበቃኛል።»

እሺ አልኩት። ምላሴ ረጅም ነው፣ ምስጢር አይቋጥርም፣ ይህንን ቃል ግን እስከ ዛሬ ለቮንዳ አልነገርኳትም። ለዘፋኝ ምን ተብሎ ይነገራል። እሱ መልሷን እየጠበቀ ነው፤ ሁለቱን ወንበሮቼንም አልመለሰልኝም።